ከአማርኛ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተመረጡ ምልክቶችን በስክሪፕት ማስወገድ፦ የባይት፣ የቅደም ተከተልና የማረጋገጫ ጉዳዮች

አኅጽሮተ ጥናት

ከጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተመረጡ ምልክቶችን ማስወገድ ከመረጃ ዝግጅት የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ነው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል በጥናት ሪፖርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአማርኛን ጽሑፍ ምሳሌ አድርጎ፣ ምልክትን መሰረዝ ቃላትን ሊያጣብቅ፣ የዐረፍተ ነገር ወሰንን ሊያጠፋና ፋይሉን ዳግመኛ እንዳይነበብ ሊያደርግ የሚችልባቸውን መንገዶች ያሳያል። በመጨረሻም ስሕተቶቹን የሚከላከል የስክሪፕት አሠራርና ውጤቱ የሚረጋገጥበት ስልት ቀርቧል።

መግቢያ

አንድ ተመራማሪ የቃላትን ድግግሞሽ ለመቁጠር፣ የሕግ አንቀጾችን ለማነጻጸር ወይም የቋንቋ ሞዴል ለማሠልጠን ጽሑፍ ሲሰበስብ፣ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጽሑፉ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ሥርዓተ ነጥቡ ወጥ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ምልክቶች በቃላት መካከል ተደብቀዋል፤ ከተለያዩ ምንጮች የመጡ ፋይሎች የተለያየ የአጻጻፍ ልማድ ይዘዋል። ፋይሎቹ በመቶ ወይም በሺህ ሲቆጠሩ በእጅ ማረም ስለማይቻል ሥራው ለስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በቅደም ተከተል ለያዘ አጭር ፕሮግራም፣ ይሰጣል።

ስክሪፕት ግን የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም። ‹ሥርዓተ ነጥብን አስወግድ› የሚለው ሐሳብ ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ የትኛው ምልክት፣ በምን ተተክቶ፣ ከየትኛው በፊት የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። መልሱ ሳይጤን ከቀረ የጥናቱ ቁጥሮች የሚለኩት ጽሑፉን ሳይሆን ስክሪፕቱ ያበላሸውን ቅሪት ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጉድለት ደግሞ ስክሪፕቱን አያስቆምም፤ የስሕተት መልእክትም አያወጣም። ሠንጠረዡ በሥርዓት ይሞላል፤ መደምደሚያው ግን መሠረት አይኖረውም።

1. ፊደል፣ ኮድ ቁጥርና ባይት

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። መሠረታዊው ክፍል በአሥርዮሽ ሲቆጠር ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን የኮድ ቁጥሮች ይይዛል። በዚህ ክልል ውስጥ ፊደላት ብቻ ሳይሆኑ ሥርዓተ ነጥቦችና አኃዞችም ይገኛሉ። ሁለት ነጥብ (፡) 4961፣ አራት ነጥብ (።) 4962፣ ነጠላ ሰረዝ (፣) 4963፣ ድርብ ሰረዝ (፤) 4964 ናቸው። የግዕዝ አኃዞች ከ4969 እስከ 4988 ተከታትለው ይቀመጣሉ።

በዲስክ ላይ ግን የሚጻፈው የኮድ ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ባይት ነው። በዛሬው ጊዜ በሰፊው የሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ በዚህ ክልል ያለውን እያንዳንዱን ምልክት በሦስት ባይቶች ያስቀምጣል። የሁሉም የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት፣ 225፣ ነው። ሁለት ነጥብ 225፣ 141፣ 161 ሆኖ ይጻፋል፤ ‹ሰላም› የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባይት ይይዛል።

ይህ ዝርዝር ለተመራማሪው ሩቅ ቢመስልም ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ምልክት ለመሰረዝ ከሚታወቁት ትእዛዞች አንዱ ‹ቲአር› ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈጣንና አስተማማኝ ቢሆንም፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው የጂኤንዩ ቅጂ የሚሠራው በባይት ደረጃ ነው። ሁለት ነጥብን እንዲሰርዝ ሲታዘዝ ሦስቱን ባይቶች እንደ አንድ ምልክት አያያቸውም፤ 225ን፣ 141ንና 161ን በተናጠል ከፋይሉ ሁሉ ይሰርዛል። 225 የእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል መነሻ ስለሆነ ‹ሰላም› ከዘጠኝ ባይት ወደ ስድስት ይወርዳል፤ የቀረውም ትርጉም ያለው ጽሑፍ አይደለም።

የጠፋውን 225 በየቦታው መልሶ በመጨመር ፋይሉን ማዳን የሚቻል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ‹ፈ› የሚጻፈው በ225፣ 141፣ 136 ሲሆን ‹ሡ› የሚጻፈው በ225፣ 136፣ 161 ነው። ከስረዛው በኋላ ሁለቱም ወደ አንዲት ባይት፣ ወደ 136፣ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ‹ፈ› የትኛው ‹ሡ› እንደነበረ ከባይቱ ብቻ መለየት አይቻልም። ጉዳቱ የሚመለሰው የመጀመሪያው ፋይል ሌላ ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ደንብ ግልጽ ነው፦ ስክሪፕቱ በባይት ሳይሆን በኮድ ቁጥር ደረጃ መሥራት አለበት። በፓይተን ሲሠራ ፋይሉ በሚከፈትበትም በሚጻፍበትም ጊዜ አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በግልጽ መነገር ይኖርበታል፤ ይህ ካልተደረገ የኮምፒውተሩ ነባሪ ምርጫ ሌላ ሊሆን ይችላል። ‹ሴድ› የተባለውን ትእዛዝ የሚጠቀም ደግሞ የሥርዓቱ የቋንቋ ምርጫ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ አለዚያ በቅንፍ ውስጥ የተዘረዘሩ ምልክቶች እንደ ተበታተኑ ባይቶች ይቆጠራሉ።

2. መሰረዝና መተካት

‹ማስወገድ› የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ተግባራትን ይሸፍናል። አንደኛው ምልክቱን ያለ ምትክ ማጥፋት ሲሆን ሁለተኛው በሌላ ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ በክፍት ቦታ፣ መተካት ነው። የሁለቱ ልዩነት በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ከፍተኛ ውጤት አለው። በቀድሞ መጻሕፍትና ጋዜጦች ቃልን ከቃል የሚለየው ክፍት ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነበርና።

የሚከተለው ምሳሌ ነገሩን ያብራራል።

ገበሬው፡ማሳውን፡አረሰ፡፡ዝናቡም፡በጊዜው፡ዘነበ፡፡

በዚህ መስመር ሁለት ዐረፍተ ነገሮችና ስድስት ቃላት አሉ። ሁለት ነጥብ ያለ ምትክ ከተሰረዘ ውጤቱ ‹ገበሬውማሳውንአረሰዝናቡምበጊዜውዘነበ› ይሆናል፤ ቃል ቆጣሪውም ስድስቱን እንደ አንድ ቃል ይመዘግባል። በዘመናዊ ጽሑፍ ላይ የተሞከረ ስክሪፕት ይህን ጉድለት አያሳይም፤ ጉድለቱ የሚወጣው የቆየ ጽሑፍ ሲገባበት ነው። የሁለት ዘመናትን ጽሑፍ የሚያነጻጽር ጥናት በዚህ ሁኔታ ‹የቀድሞ ጸሐፊዎች ረጃጅም ቃላት ይጠቀሙ ነበር› ወደሚል ሐሰተኛ ግኝት ሊደርስ ይችላል።

በተቃራኒው ሁሉን ምልክት በክፍት ቦታ መተካትም መፍትሔ አይሆንም። የመጥበቅ ምልክት፣ ማለትም ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ሁለት ነጠብጣቦች፣ የራሱ ኮድ ቁጥር 4959 አለው፤ በፋይሉ ውስጥም ከፊደሉ ቀጥሎ ይጻፋል። ‹ይበላል› የሚለው ቃል ‹ሌላ አካል ይበላዋል› ለማለት ሲጠብቅ ‹በ› እና ‹ላ› ላይ ምልክቱ ሊደረግ ይችላል። ፊደል ያልሆነውን ሁሉ በክፍት ቦታ የሚተካ ስክሪፕት ይህን አንድ ቃል ‹ይበ›፣ ‹ላ› እና ‹ል› ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። ስለዚህ የመጥበቅ ምልክት መወገድ ካለበት ያለ ምትክ ይሰረዛል፤ ሁለት ነጥብ ግን በክፍት ቦታ ይተካል።

አኅጽሮተ ቃላት ሦስተኛ መንገድ ይጠይቃሉ። ‹ት/ቤት› ከሚለው ውስጥ እዝባሩ ከተሰረዘ ‹ትቤት› የሚል በቋንቋው የሌለ ቃል ይፈጠራል፤ በክፍት ቦታ ከተተካ ደግሞ ‹ት› ብቻዋን ቆማ ትቀራለች። ‹ወ/ሮ› እና ‹ዓ.ም.› ያሉትም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ምልክቶች ከመነካታቸው በፊት አኅጽሮተ ቃላቱን ከተዘጋጀ ዝርዝር እያመሳከሩ ወደ ሙሉ ቃላቸው መመለስ ነው።

3. የትእዛዞች ቅደም ተከተል

ከላይ በቀረበው ምሳሌ ውስጥ ዐረፍተ ነገሮቹ የተዘጉት በአራት ነጥብ ሳይሆን በሁለት ተከታታይ ሁለት ነጥቦች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ለዓይን ሁለቱ አጻጻፎች ከሞላ ጎደል አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ‹።› አንድ ምልክት፣ ‹፡፡› ደግሞ ሁለት ምልክቶች ናቸው። በኮምፒውተር የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ሁለቱን እያቀላቀሉ ይጠቀማሉ፤ የላቲኑን ኮሎን ደጋግመው የሚጽፉም አሉ።

ስክሪፕቱ በመጀመሪያ ሁለት ነጥብን በክፍት ቦታ ከተካ ስድስቱ ቃላት ይለያያሉ፤ የዐረፍተ ነገሩ ወሰን ግን ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ‹ጥንዱን ወደ አራት ነጥብ ቀይር› የሚለው ትእዛዝ የሚቀይረው ነገር አያገኝም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሹ ነው፦ አስቀድሞ ‹፡፡› ወደ ‹።›፣ ‹፡-› ወደ ‹፦› ይለወጣል፤ በነጠላ የቀረው ሁለት ነጥብ ከዚያ በኋላ በክፍት ቦታ ይተካል። በጥቅሉ ረጅሙ ጥምረት ከአጭሩ ይቀድማል።

በአኃዞች መካከል የሚገኘው ሁለት ነጥብ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ‹2፡30› የሚለው ሰዓት ሁለት ቁጥር ሆኖ እንዳይከፈል፣ ከግራም ከቀኝም የአረብኛ አኃዝ ያለበት ሁለት ነጥብ እንዲታለፍ ማድረግ ይቻላል። የግዕዝ አኃዝ በሚጠቀም የቆየ ጽሑፍ ውስጥ ግን ያው ምልክት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን የሚለይ የቃል መለያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የታለፉት ቦታዎች በሙሉ ለብቻ ተዘርዝረው በሰው ዓይን ቢታዩ ይመረጣል።

4. ‹ከሀ እስከ ፐ› የሚለው ክልል

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በተባለው የፍለጋ ስልት ‹ከዚህ ፊደል እስከዚያ ፊደል› ብሎ ክልል መጻፍ ይቻላል። ፊደልን ‹ከሀ እስከ ፐ› ብሎ መጥራት የተለመደ በመሆኑ ይህንኑ ወደ ስክሪፕት የሚያስገቡ አሉ፦ ‹ከሀ እስከ ፐ የማይገኘውን ሁሉ አስወግድ።› ነገር ግን በገበታ ላይ ‹ፐ› የቤቱን ሰባት ፊደላት ሲወክል በዩኒኮድ ውስጥ 4944 የሆነውን አንዱን ግዕዝ ‹ፐ› ብቻ ያመለክታል። ከ‹ፑ› እስከ ‹ፖ› ያሉት ከ4945 እስከ 4950 ስለሚቀመጡ ከክልሉ ውጭ ይቀራሉ።

ውጤቱ ‹ፖሊስ› ወደ ‹ሊስ›፣ ‹ፖስታ› ወደ ‹ስታ›፣ ‹አውሮፓ› ወደ ‹አውሮ› መለወጡ ነው። በ‹ፐ› ቤት የሚጻፉት ቃላት አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ የተወሰዱ ስለሆኑ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይከማቻል፤ ስለ ውሰት ቃላት የሚደረግ ጥናት የሚያጣውም ራሱን የጥናቱን ቁስ ይሆናል። የክልሉ መጨረሻ ቢያንስ 4954 ሊሆን ይገባል። ከአማርኛ ውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጽሑፍ ሲኖር ደግሞ በ2005፣ በ2010ና በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ የተጨመሩት ተከታይ ክፍሎች መታየት አለባቸው፤ እነዚህ ከመሠረታዊው ክልል ውጭ የተቀመጡ ናቸው።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። ከ4960 ጀምሮ ያለውን ‹የምልክቶች ክልል› ነው ብሎ እስከ መጨረሻው የሚሰርዝ ስክሪፕት የግዕዝ አኃዞችንም ይወስዳል፤ በ፲፱፻፷፮ የተጻፈ ደብዳቤም ዓመተ ምሕረቱን ያጣል። አኃዝን ለማስወገድ የሚፈልግም ቢሆን የተለመደው የ‹አኃዝ› ምድብ በቂ አይደለም፤ ዩኒኮድ የግዕዝ አኃዞችን ከአሥርዮሽ አኃዞች ጋር ስለማይመድባቸው በፓይተን የአኃዝ ፍለጋ ውስጥ አይገኙም። በተመሳሳይም በፓይተን ተዘጋጅቶ የሚገኘው የሥርዓተ ነጥብ ዝርዝር 32 የላቲን ምልክቶችን ብቻ ይይዛል። እርሱን ብቻ የሚጠቀም ስክሪፕት አራት ነጥብን ሳይነካ ስለሚተወው ‹ዘነበ› እና ‹ዘነበ።› እንደ ሁለት ቃላት ይቆጠራሉ።

ከዚህ ሁለት የአሠራር ምርጫዎች ይወጣሉ። አንደኛው የሚቀረውን ዘርዝሮ ሌላውን ሁሉ መሰረዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚሰረዘውን ዘርዝሮ ሌላውን ሁሉ መተው ነው። የመጀመሪያው ያልታሰበበትን ምልክት ድምፅ ሳያሰማ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ያልታሰበበትን ምልክት በፋይሉ ውስጥ ስለሚተወው ተመራማሪው አይቶ ሊወስንበት ይችላል። ለጥናት ሥራ ሁለተኛው ይመረጣል።

5. በዓይን የማይታዩ ምልክቶች

ከድረ ገጽና ከሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች የሚመጣ ጽሑፍ የማይታዩ ምልክቶችን ይዞ ይመጣል። ከእነዚህም መካከል በፋይል መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው የባይት ቅደም ተከተል ምልክት 65279፣ ስፋት የሌለው ክፍተት 8203፣ መስመር የማይሰብረው ክፍተት 160 ይገኛሉ። ስፋት የሌለው ክፍተት በአንድ ቃል ውስጥ ሲገባ ቃሉ በስክሪን ላይ አይለወጥም፤ በፍለጋ ግን አይገኝም፤ በቆጠራም እንደ ሌላ ቃል ይመዘገባል። እነዚህ ምልክቶች በዓይን ሊታወቁ ስለማይችሉ መገኘታቸው የሚረጋገጠው በኮድ ቁጥር ብቻ ነው።

የመስመር መጨረሻ ምልክትም በዚሁ ሥር ይታያል። በዊንዶውስ የተዘጋጁ ፋይሎች በየመስመሩ መጨረሻ 13ና 10 የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሏቸው። 13ን መሰረዝ ጉዳት የለውም፤ 10 ያለ ምትክ ከተሰረዘ ግን የአንዱ መስመር የመጨረሻ ቃል ከቀጣዩ መስመር የመጀመሪያ ቃል ጋር ይጣበቃል።

6. የስክሪፕቱ አሠራር

ከላይ የተጠቀሱት ነጥቦች አንድ ላይ ሲመጡ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይሰጣሉ።

ሀ) የመጀመሪያው ፋይል አይነካም፤ ውጤቱ በሌላ ስም ይጻፋል። በትእዛዝ መስመር ላይ ውጤቱን ወደዚያው ወደሚነበበው ፋይል መምራት ፋይሉን ከመነበቡ በፊት ባዶ ያደርገዋልና ይህ ደንብ አይጣስም።

ለ) ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ተከፍቶ በውስጡ ያሉት የተለያዩ ምልክቶች ከነኮድ ቁጥራቸውና ከነድግግሞሻቸው ይዘረዘራሉ። ውሳኔ የሚሰጠው ይህ ዝርዝር ከታየ በኋላ ነው።

ሐ) አኅጽሮተ ቃላት ወደ ሙሉ ቃላቸው ይመለሳሉ።

መ) ‹፡፡› ወደ ‹።›፣ ‹፡-› ወደ ‹፦› ይለወጣል።

ሠ) በአረብኛ አኃዞች መካከል ካለው በቀር ነጠላው ሁለት ነጥብ በክፍት ቦታ ይተካል።

ረ) የማይታዩ ምልክቶችና አስፈላጊ ከሆነ የመጥበቅ ምልክት ያለ ምትክ ይሰረዛሉ፤ 160 ግን በተራ ክፍት ቦታ ይተካል።

ሰ) ተከታታይ ክፍት ቦታዎች ወደ አንድ ይጠቀለላሉ።

በፓይተን ከ‹ሠ› የተለየ ሁኔታ በስተቀር ነጠላ ምልክቶችን የሚመለከተው ሥራ በአንድ የመተኪያ ሠንጠረዥ ሊከናወን ይችላል። በሠንጠረዡ በግራ የምልክቱ ኮድ ቁጥር፣ በቀኝ ምትኩ ይቀመጣል፤ ምትክ የሌለው ይሰረዛል። የሠንጠረዡ ጥቅም ፍጥነት ብቻ አይደለም። የተመራማሪው ውሳኔዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ስለሚገኙ ሠንጠረዡ እንዳለ የጥናቱ አባሪ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ሞክሼ ፊደላትን፣ ለምሳሌ ‹ሠ›ን ወደ ‹ሰ›፣ ‹ዐ›ን ወደ ‹አ› መለወጥ ከዚህ ዝርዝር ሆን ተብሎ ተለይቷል። ይህ ምልክትን ማስወገድ ሳይሆን ፊደልን መለወጥ ነው፤ ‹ሠረቀ› እና ‹ሰረቀ›ን አንድ የሚያደርግ ለውጥ ብርሃን መውጣቱንና ንብረት መወሰዱን ያቀላቅላል። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ራሱን በቻለ ስክሪፕትና በሌላ ፋይል ሊከናወን ይገባዋል።

7. ማረጋገጫ

የስክሪፕቱ ትክክለኛነት በሦስት ፍተሻዎች ሊመዘን ይችላል።

የመጀመሪያው የፊደላት ቆጠራ ነው። ምልክትን ማስወገድ ፊደልን መንካት ስለሌለበት፣ ከአኅጽሮተ ቃላቱ እርምጃ በኋላ የፊደላት ቁጥር እስከ መጨረሻው እኩል ሆኖ መቆየት አለበት። ከላይ በቀረበው መስመር ውስጥ 22 ፊደላትና 8 ሁለት ነጥቦች፣ በድምሩ 30 ምልክቶች አሉ። ከሥራው በኋላ 22 ፊደላት፣ 4 ክፍት ቦታዎችና 2 አራት ነጥቦች፣ በድምሩ 28 ሊገኙ ይገባል። የ2 ልዩነት የመጣው ሁለት ጥንዶች እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ምልክት በመውረዳቸው ነው። ልዩነቱ ሊብራራ ካልቻለ ስክሪፕቱ ያልታዘበውን ነገር ሠርቷል ማለት ነው። ‹ከሀ እስከ ፐ› የሚለው ስሕተት በዚህ ፍተሻ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ሁለተኛው የድግግሞሽ ፍተሻ ነው። ስክሪፕቱ በራሱ ውጤት ላይ እንደገና ሲሠራ ምንም መለወጥ የለበትም። ለውጥ ከታየ የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ጉድለት እንዳለበት ያመለክታል።

ሦስተኛው የረጃጅም ቃላት ፍተሻ ነው። ከውጤቱ ውስጥ እጅግ ረጃጅሞቹና ባለ አንድ ፊደል የሆኑት ቃላት ተለይተው ይነበባሉ። የመጀመሪያዎቹ የተጣበቁ ቃላትን፣ የኋለኞቹ የተሰበሩትን ያሳያሉ። ይህ ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም ቁጥር የማያሳየውን ጉድለት ለአንባቢ ዓይን ያቀርባል።

መደምደሚያ

ምልክትን ከፋይል ውስጥ ማስወገድ የጽሑፍን መዋቅር የሚነካ ውሳኔ ነው። ሁለት ነጥብ በአንዱ ዘመን ጽሑፍ የቃል ወሰን፣ በጥንድ ሲሆን የዐረፍተ ነገር መዝጊያ፣ በአኃዞች መካከል ደግሞ የሰዓት መለያ ሆኖ ይገኛል። ስክሪፕቱ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ተመራማሪው ካሳወቀው ብቻ ነው። በመሆኑም የጥናት ሪፖርት ‹ጽሑፉ ተጠርቷል› ከማለት አልፎ የትኞቹ የኮድ ቁጥሮች እንደ ተሰረዙ፣ የትኞቹ በምን እንደ ተተኩ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተሠራና የፊደላት ቁጥር ከሥራው በፊትና በኋላ ስንት እንደነበረ ሊገልጽ ይገባዋል። ይህ ሲሟላ ሌላ ተመራማሪ ከዚያው ፋይል ተነሥቶ ወደዚያው ውጤት ሊደርስ ይችላል፤ ልዩነት ቢገኝም ምክንያቱን ለማወቅ የሚነሣበት ቦታ ይኖረዋል።